የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ፈርነስ፦ የአንድ ቤት የጉዳይ ጥናት

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ። ብርድ ሲገባ ስልኬ ላይ የሚበዛው ጥያቄ "ፈርነሱ ሸተተን፣ ምን እናድርግ?" የሚል ነው። ፈርነስ አየር አሙቆ በቱቦ ወደየክፍሉ የሚነፋ የቤት ማሞቂያ ነው። አብዛኛው ጥያቄ በስልክ ያልቃል። ይህ ጉዳይ ግን በስልክ የሚያልቅ አልነበረም። በአንድ ቤት ውስጥ ጉዳት የሌለው ሽታ፣ የሚያስደነግጥ ሽታና ጭራሽ ሽታ የሌለው አደጋ ተደራርበው ነበር። ቤተሰቡ እንድጽፈው ፈቅዷል። ስማቸውንና ሰፈራቸውን አልጠቅስም።

ቤቱና ቤተሰቡ

ቤቱ ሜሪላንድ ውስጥ፣ በ1980ዎቹ የተሠራ ታውንሃውስ ነው። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩበታል። በዚያ ዓመት የባልየው እናት ከአዲስ አበባ መጥተው አብረዋቸው ነበሩ። ቤቱን ከገዙት ሁለተኛ ዓመታቸው ነው።

ፈርነሱ ያለው ቤዝመንት (ምድር ቤት) ውስጥ ነው። ከጋዝ የውሃ ማሞቂያው፣ ከልብስ ማጠቢያውና ከማድረቂያው ጋር አንድ ጠባብ ክፍል ይጋራል። በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ፣ ጭሱን በብረት ቱቦ በጣሪያ በኩል የሚያወጣ የቆየ ዓይነት ነው። አዲሶቹና ቆጣቢዎቹ ጭሳቸውን በፕላስቲክ ቱቦ ነው የሚያወጡት፤ ሲሠሩም ውሃ ያንጠባጥባሉ። ይሄኛው ሙቀት ሲሰጥ ጠብታ ውሃ አያወጣም። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

ከፈርነሱ እግር ሥር ወለሉ ላይ ክብ ወንፊት ያለው የፍሳሽ መውረጃ አለ። በሙቀቱ ወራት የኤሲው ውሃ በቀጭን ቱቦ ወደዚያ ይወርዳል።

የመጀመሪያው ሽታ

ኦክቶበር ላይ ማሞቂያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍቱት ቤቱ የተቃጠለ አቧራ ሸተተ። ይህ የተለመደ ነው። በሙቀቱ ወራት ጋዙ የሚነድበት በርነርና ሙቀት የሚያስተላልፈው ብረት ላይ አቧራ ይተኛል። እሳት ሲነካው ይቃጠላል። አንድ ሁለት ሰዓት መስኮት ከፈት አድርጎ መጠበቅ ይበቃል። ባልየው ፊልተሩን አውጥቶ ሲያየው ግራጫ ብርድ ልብስ መስሎ አገኘው፣ ቀየረው። ሽታው በማግስቱ አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በትክክል ተሠርቷል። ችግሩ ከዚህ የተወሰደው ትምህርት ነው። ባልየው "ፈርነስ ይሸታል፣ ከዚያ ይለቃል" ብሎ ያዘ። የአቧራ ሽታ የሚለቀው አቧራው ስላለቀ ነው። ሌላ ሽታ በዚህ ሕግ አይሄድም። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ የሚመጣ፣ ወይም በቀናት ውስጥ የማይለቅ ሽታ የራሱ ምክንያት አለው።

ሁለተኛው ሽታ

ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ሚስትየው ከአዳር ሥራ ስትመለስ በሩን እንደከፈተች የተበላሸ እንቁላል ሸተታት። ቤት ያደሩት ምንም አልሸተታቸውም። ባልየው "ደክሞሽ ነው" አላት። አልተከራከረችውም። "ውጣና ተመልሰህ ግባ" አለችው። ወጥቶ ሲመለስ ሸተተው። አፍንጫ አንድ ሽታ ውስጥ ሲቆይ ይለምደዋል፣ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ከውጭ ለሚገባ ሰው የሚሸት፣ ውስጥ ላለው ሰው የማይሸት ቤት ብዙ አይቻለሁ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማመን ከውጭ የመጣውን ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረገችው ሁሉ ትክክል ነበር። መብራት አላበራችም፣ አላጠፋችም። ምድጃም፣ ሙቀት መቆጣጠሪያውን ቴርሞስታትም አልነካችም። ልጆቹን በፒጃማ አወጣች። እናትየው "ልጄ፣ በዚህ ብርድ የት ልትወስጂኝ ነው?" እያሉ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ። የጋዝ ኩባንያውን የአደጋ መስመር የደወለችው ከቤቱ ርቃ መኪና ውስጥ ሆና ነው። እንዲህ ላለ ጥሪ ኩባንያዎቹ ቀንም ሌሊትም ሰው ይልካሉ፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ክፍያ። 911 መደወልም ይቻላል። አንዳንድ ሰው "ምንም ካልሆነ ያፍሩብኛል" ብሎ ይተወዋል። ማንም አያፍርባችሁም።

የጋዝ ሠራተኛው መጥቶ ቆጣሪውን፣ መገጣጠሚያዎቹን፣ ምድጃውንና ፈርነሱን በመሣሪያ ፈተሸ። የሚያፈስ ጋዝ የለም። ወረቀት ትቶላቸው ሄደ። ቤተሰቡ እፎይ አለ። ሽታው ግን አልሄደም።

እንቁላልና ጋዝ ለምን ይምታታሉ?

የተፈጥሮ ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም። ማርች 18 ቀን 1937 ቴክሳስ ውስጥ ኒው ለንደን የምትባል ከተማ ትምህርት ቤት ሥር የተጠራቀመ ሽታ አልባ ጋዝ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነው ጋዝ ውስጥ ሆን ተብሎ የሚሸት ነገር መጨመር በሕግ ግዴታ እየሆነ የመጣው። የሚጨመረው ሜርካፕታን የሚባል፣ ድኝ ያለበት ኬሚካል ነው። የአሜሪካ ደንብ የሚለው፣ ጋዙ ሊቀጣጠል ከሚችልበት ዝቅተኛ መጠን አንድ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ሰው ሊያሸተው ይገባል ነው። የተፈጥሮ ጋዝ አየር ውስጥ 5 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው መቀጣጠል የሚችለው። ስለዚህ 1 በመቶ ገደማ ላይ አፍንጫ ሊያውቀው ይገባል ማለት ነው።

የፍሳሽ መስመር ጋዝም ድኝ አለበት። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው ነው የተበላሸ እንቁላል የሚያሸተው። ሁለቱን በአፍንጫ ለይቶ ልወቅ ማለት ሞኝነት ነው፣ እኔም አልሞክረውም። መጀመሪያ ሁሌም ጋዝ ነው ብሎ መውጣት፣ ከዚያ በመሣሪያ ማስፈተሽ ነው።

ያልሠሩት መፍትሔዎች

ቤተሰቡ ከዚያ በኋላ ሽታውን መዋጋት ጀመረ። ፊልተር እንደገና ተቀየረ። የአየር ቱቦዎቹን የሚያጸዳ ሰው ተጠርቶ ተከፈለው። ሽታ ያጠፋል የተባለ ሻማ ተገዛ። እናትየው በበኩላቸው በየቀኑ ቡና እያፈሉ እጣን አጨሱ። እጣን ደስ ይላል፤ ግን ሽታን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም። ይባስ ብሎ ሽታው መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚሄድ ማንም እንዳያውቅ አደረገ።

ለገና ቤቱ ከላይ እስከ ታች ተጸዳ። ቤዝመንቱ በበረኪና ታጠበ። ሽታው ጠፋ። ሁሉም "በረኪናው ገደለው" አሉ። ይህ የጉዳዩ ትልቁ ፍንጭ ነበር፣ ያን ጊዜ ግን ማንም አላስተዋለውም።

እግረ መንገዴን ልናገር። በርነሩ የሚያነደውን አየር ከክፍሉ በሚስብ ፈርነስ አጠገብ በረኪና አታብዙ። የክሎሪን ትነት እሳቱ ውስጥ ሲገባ ብረቱን የሚበላ አሲድ ይሆናል።

ከሰሉ

ፌብሩዋሪ ላይ ሽታው ተመለሰ። ያ ሳምንት በጣም ይበርድ ነበር። ባልየው "ከዚህ ፈርነስ የሚመጣውን ከምንተነፍስ ይጥፋ" ብሎ አጠፋው። እናትየው ብርዱ ሲጠናባቸው የለመዱትን አደረጉ። ከሰል በረንዳ ላይ አቀጣጥለው፣ ፍም ሲሆንና ጭሱ ሲያልቅ ሳሎን አስገቡት። አገር ቤት ሁላችንም ያደግንበት ዘዴ ነው። "ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም" የሚባለው ግን ልክ አይደለም። ፍም የሆነ ከሰል ጭስ የለውም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ግን በብዛት ያወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። የአገር ቤቱ ክፍል በበርና በመስኮት ክፍተት ይተነፍስ ነበር። የአሜሪካ ቤት በብርድ ጊዜ ጥርቅም ተደርጎ ነው የሚዘጋው።

እናትየው ራሳቸውን ያማቸው ጀመር። ሎሚ አሸተቱ። ቀጥሎ ማቅለሽለሽ መጣ። ባልየው በኮቪድ ጊዜ የገዟትን ጣት ላይ የምትሰካ የኦክስጅን መለኪያ አመጣ። 98 አለች። ተረጋጋ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያቺ መለኪያ ደም ውስጥ ኦክስጅን የያዘውንና ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን አትለይም። ሰው እየተመረዘ ጥሩ ቁጥር ልታሳይ ትችላለች።

ያዳናቸው ፎቅ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ነው። ጮኸ። ሁሉም ወጡ፣ 911 ተደወለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ለክተው አየሩ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይዱን አገኙት። ከሰሉን አወጡ፣ መስኮቶቹን ከፈቱ። እናትየው ሆስፒታል ሄደው ኦክስጅን ተሰጣቸው፣ ደማቸው ተመረመረ፣ ደህና ሆነው ተመለሱ።

አላርም ቶሎ ስላልጮኸ ቤቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። በአሜሪካ መስፈርት የቤት አላርም ከአየሩ ሚሊዮን ክፍል 70ው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን እስኪጮህ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። 150 ላይ ከ10 እስከ 50 ደቂቃ፣ 400 ላይ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ነው። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና አዛውንት ከዚያ በፊት ሊጎዱ ይችላሉ። ዲሴምበር 2006 ሲያትል አካባቢ በማዕበል መብራት ሲጠፋ ብዙ ሰው በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዟል። ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱ ስደተኞች ነበሩ።

"ፈርነሱ ተሰንጥቋል"

በማግስቱ የተጠራ አንድ ባለሙያ ወሬውን ሰማና ፈርነሱ ውስጥ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ብረት ተሰንጥቋል አለ። ሙሉ በሙሉ ይቀየር ብሎ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ዋጋ ጻፈ። የስንጥቁን ፎቶ አላሳየም። የጭሱንም መጠን አልለካም።

ስንጥቅ እውነተኛና አደገኛ ብልሽት ነው። ባለሙያው ያላየው ግን አንድ ቀላል ነገር ነበር። አላርሙ በጮኸ ሰዓት ፈርነሱ ጠፍቶ ነበር። ያልበራ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ አያመጣም። ቤተሰቡ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሌላ ሰው ለማሳየት ወሰነ። እኔ የገባሁት በዚህ መሃል ነው።

ምርመራው

መሣሪያ ከማውጣቴ በፊት ብዙ ጠየቅኩ። የሽታው ዓይነት ብዙ አይነግረኝም፣ ሰው ሽታን በተለያየ ነገር ነው የሚመስለው። የሽታው ሰዓት ግን ይነግረኛል። መቼ ይመጣል? ምን ሲበራ? የት ይጠነክራል? ካለፈው ዓመት ወዲህ ቤቱ ውስጥ ምን ተቀየረ?

ሚስትየው ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሚብስ አስተውላለች። ቅዳሜ የልብስ ቀን ነው። ባልየው ደግሞ ካለፈው ዓመት የተቀየረውን አስታወሰ። ፈርነሱ ላይ የተገጠመ የአየር እርጥበት መጨመሪያ ነበር። ውሃ ስላፈሰሰ በሙቀቱ ወራት ዘግተውታል። የእሱ ትርፍ ውሃ የሚወርደው የት ነበር? ወለሉ ላይ ወዳለው መውረጃ።

በመጀመሪያ የጋዝ መፈተሻዬን ይዤ ዞርኩ፣ ምንም የለም። ከዚያ ቴርሞስታቱ ላይ ማሞቂያውን አጥፍቼ ፋኑን ብቻ "ኦን" ላይ አደረግኩ። በርነሩ አልነደደም፣ ንፋስ ብቻ ነው የሚዞረው። ትንሽ ቆይቶ ሽታው መጣ። እሳት ሳይኖር የሚመጣ ሽታ ከእሳቱ አይደለም ማለት ነው። ንፋሱ ከሌላ ቦታ እየለቀመ ቤቱን ያዞረዋል። ይህን ሙከራ ማንም ቤቱ ውስጥ ሊያደርገው ይችላል። ጋዝ እንደሌለ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ግን።

ለጭስ መፈተሻ የእናትየውን እጣን ተዋስኩ። "ለዚህም ይሆናል እንዴ!" ብለው ሳቁ። ጭሱን ፊልተሩ የሚገባበት ክፍተት ላይ ስይዘው ሽው ብሎ ተሳበ። ፊልተሩን የሚዘጋው ክዳን የለም። ፋኑ አየር መሳብ ያለበት ከቤቱ ሲሆን ከጠባቡ ክፍል እየሳበ ነው። ማድረቂያው ሲበራ ደግሞ እሱም አየር ወደ ውጭ ይገፋል፣ ክፍሉ የባሰ ይታፈናል። የቅዳሜው ነገር ተገለጠ። ጭሱን ወለሉ ላይ ወዳለው መውረጃ ሳስጠጋው ወደ ላይ ተገፋ። አየር ከጉድጓዱ እየወጣ ነው።

እያንዳንዱ የፍሳሽ መውረጃ ሥር ውሃ የሚቋጥር የታጠፈ ቱቦ አለ። የተቋጠረው ውሃ የፍሳሹን ጋዝ ያግደዋል። በባትሪ ወደ ታች ሳይ ደርቋል። ኤሲው ከቆመ ወራት አልፈዋል፣ የእርጥበት መጨመሪያው ተዘግቷል፣ ፈርነሱ ውሃ የማያወጣ ዓይነት ነው። ወደዚያ የሚወርድ ጠብታ አልነበረም። ለገና ሽታውን ያጠፋው በረኪናው ሳይሆን የወለል መጥረጊያው ውሃ ነው። መውረጃው ውስጥ ሲደፉት እጥፋቱን ሞላው። እሱ እስኪደርቅ ሰላም ነበር።

ጥገናውና ያልተጠበቀው ግኝት

አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁ። ላዩ ላይ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ጥቂት ዘይት ጨመርኩ። መስኮት ከፍተን ፋኑን ስናዞረው ሽታው እየለቀቀ ሄደ። በሺዎች ዶላር የተተመነው ችግር መፍትሔው ይሄ ነበር።

ሥራው ግን እዚያ አላለቀም፤ ለእኔ ከሽታው የከበደውም ቀጥሎ ያገኘሁት ነው። የፈርነሱን ብረት በካሜራ አየሁት፣ ስንጥቅ የለም። ጭሱን ለካሁ፣ ደህና ነው። ከዚያ የክፍሉን በር ዘግቼ ፋኑን፣ ማድረቂያውንና የውሃ ማሞቂያውን አንድ ላይ አስነሳሁ። እጣኑን የውሃ ማሞቂያው አናት ላይ፣ ጭሱ ወደ ቱቦው የሚገባበት ጋ ያዝኩት። ጭሱ ወደ ላይ መሄድ ሲገባው ወደ ክፍሉ ተመለሰ። የፍሳሹን ጋዝ የሚስበው ያው ክፍተት የውሃ ማሞቂያውንም ጭስ ወደ ታች እየጎተተ ነበር። በመጥፎ ቀን ይህ ካርቦን ሞኖክሳይድ በየመኝታ ቤቱ ማከፋፈል ማለት ነው።

የፊልተሩ ቦታ ክዳን ተሠራለት። የአየር ቱቦው ክፍተቶች ለዚህ ሥራ በሚሆን የብረት ቴፕ ተሸፈኑ። ጨርቅና ጎማ የሚመስለው ግራጫ ቴፕ በሙቀት ይለቃል፣ ለዚህ አይሆንም። የክፍሉ በር አየር በሚያስገባ ባለ ሽንሽን በር ተተካ። ሁሉንም አስነስቼ እንደገና ስፈትሽ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሄደ።

ለሌላ ቤት የሚተርፈው

የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። ምንም ሳይነኩ መውጣት፣ ርቆ መደወል፣ ማስፈተሽ። "ባለፈው ጋዝ አይደለም ተብሏል" ብሎ ሁለተኛውን ጊዜ መተው አይቻልም። የባለፈው ውጤት የባለፈው ነው። በሲሊንደር ፕሮፔን የሚጠቀም ሰው ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቅ። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፣ ቤዝመንት ወለል ላይ ይተኛል። ቆሞ የሚሄድ ሰው ላይሸተው ይችላል።

የተቃጠለ ፕላስቲክ ወይም ሽቦ የሚሸት ከሆነ ነገሩ ኤሌክትሪክ ነው። ቴርሞስታቱን አጥፉ፣ ከዚያ የኤሌክትሪክ መስመሩን የሚቆርጠውን ብሬከር። ጭስ ከታየ ውጡና ደውሉ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የጋለ የፋን ሞተር ነው፤ ያጋለውም ለወራት ያልተቀየረ ፊልተር ሊሆን ይችላል። ላምባ የመሰለ ስለታም ሽታ ከመጣ ቤት ውስጥ ሰሞኑን ቀለም ወይም ቫርኒሽ ተቀብቶ እንደሆነ አስታውሱ። ትነቱ በርነሩ ውስጥ ሲያልፍ ሽታው ይለወጣል። ዓይን የሚለበልብ፣ አፍንጫ የሚከነክን ሽታ ግን እሳቱ በደንብ እንዳልነደደ ሊነግራችሁ ይችላል። እሱን ለነገ አታሳድሩት። የሻገተ ካልሲ የሚመስለው ይቆይላችኋል፣ እርጥበት ነው።

ፈርነስ ይቀየር የሚላችሁን ሰው "የስንጥቁን ፎቶ አሳየኝ፣ የለካኸውን ቁጥር ጻፍልኝ" በሉት። ሐቀኛ ባለሙያ በዚህ አይቆጣም።

ሽታው የመጣበትን ሰዓት ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ፋን ብቻ ነበር ወይስ ሙቀት? ማድረቂያ በርቶ ነበር? ከውጭ ስትገቡ ነው ወይስ ውስጥ ሆናችሁ? እነዚህ ለሚመጣው ባለሙያ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣሉ። እጣኑን ደግሞ እስኪመጣ ተውት።

ብዙ ወገኖቻችን የሰው ቤዝመንት ተከራይተው፣ ከፈርነሱ ጋር ግድግዳ ተጋርተው ነው የሚኖሩት። ክፍሉን ከፍታችሁ የመፈተሽ መብት ላይኖራችሁ ይችላል። መኝታ ቤታችሁ አጠገብ አላርም መስቀል ግን ትችላላችሁ፤ ስትገዙ ቁጥር የሚያሳየውን ምረጡ። ወለሉ ላይ መውረጃ ካለ በየወሩ አንድ ጆግ ውሃ መድፋትም የባለቤት ፈቃድ አይጠይቅም። ለባለቤቱ የምትነግሩትን ነገር በቃል ብቻ አትተዉት። ቀኑን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ላኩለት። የጋዝ ሽታ ከሆነ ግን ባለቤቱን አትጠብቁ፣ መጀመሪያ ውጡና ደውሉ።